ድንጋይ፣ ሐዲድና መጋዝ፦ የማዕከላዊ ኦሪገን የጠጠር መንገዶች

ግራቭል ባይኪንግ በሚል የውጭ ስሙ የሚታወቀው የጠጠር መንገድ ብስክሌት ጉዞ፣ ከአስፋልት ብስክሌትም ሆነ ከተራራ ብስክሌት የሚለየው በሚሄድበት መንገድ ወለል ነው። አስፋልት ከአገር አገር እምብዛም የማይለያይ የፋብሪካ ውጤት ሲሆን፣ የጠጠር መንገድ ግን ብዙውን ጊዜ ከሚያልፍበት ምድር ተቆፍሮ፣ እዚያው ተፈጭቶ እዚያው የሚነጠፍ በመሆኑ፣ የአካባቢው ዓለት ምን ዓይነት እንደሆነ፣ ዝናቡ ምን ያህል እንደሚጥልና መንገዱን መጀመሪያ ማን ለምን ጉዳይ እንዳወጣው ብስክሌተኛው በመዳፉና በጉልበቱ ያውቀዋል። በዚህ ምዕራፍ የሚታየው በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ የሚገኘው የኦሪገን ግዛት ማዕከላዊ ክፍል ነው። የዴሹትስ ወንዝ የቆረጠው የጥቁር ድንጋይ ሸለቆና በእሳተ ገሞራ አመድ ላይ የበቀለው ሰፊ የፓይን ደን በዚህ ግዛት ስለሚጎራበቱ፣ ባሕርያቸው የማይገናኝ ሁለት የጠጠር መንገዶች እንዴት እንደሚፈጠሩ ለማነጻጸር ያመቻል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

የመሣሪያውን ነገር በቅድሚያ ማየት ያስፈልጋል። የጠጠር ብስክሌት ከሩቅ ሲታይ የውድድር ብስክሌት ይመስላል፤ መሪው ወደ ታች የታጠፈ ስለሆነ ጋላቢው ነፋስ ሲበረታበት ጎንበስ ብሎ፣ ቁልቁለት ሲገጥመውም የታችኛውን እጀታ አጥብቆ ይዞ መሄድ ይችላል። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ልዩነቱ ብዙ ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል ያለው ርቀት ረዘም፣ የፊት ሹካውም ጋደል ያለ በመሆኑ፣ ልቅ ጠጠር ላይ የፊት ጎማው ትንሽ ቢንሸራተት ብስክሌቱ አቅጣጫውን ቶሎ አይስትም፤ ፍሬኑ የሚጨብጠው ቸርኬውን ሳይሆን በእምብርቱ ላይ የታሰረ የብረት ዲስክ በመሆኑ ጭቃና አቧራ እምብዛም አያዳክሙትም፤ ማርሹም ለረጅም ዳገት የሚሆኑ ዝቅተኛ ደረጃዎች አሉት። ዋናው ልዩነት ግን ጎማው ነው። የአስፋልት ውድድር ብስክሌት ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ የጠጠር ብስክሌት ጎማ ከ38 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ በዛሬው ጊዜም አብዛኛው ያለ ካላማዳሪያ፣ በቀጥታ ከቸርኬው ጋር አየር በማያስወጣ ሁኔታ ይገጠማል።

ይህ ስፋት ለምቾት ብቻ የተደረገ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ ሆኖም የፊዚክስ ምክንያት አለው። ጎማ መሬትን የሚነካበት ስፋት፣ በግርድፉ፣ የተሸከመው ክብደት በውስጡ ላለው የአየር ግፊት ሲካፈል የሚገኘው ውጤት ነው። ብስክሌቱና ጋላቢው በአንድነት 85 ኪሎ ግራም ቢመዝኑና ከዚህ ውስጥ 55 በመቶው በኋላ ጎማ ላይ ቢያርፍ፣ በ6 ባር ግፊት የተነፋ ጎማ መሬቱን የሚነካው ወደ 8 ካሬ ሳንቲ ሜትር በሚጠጋ ስፋት ሲሆን፣ በ2.5 ባር የተነፋው ግን ከ18 ካሬ ሳንቲ ሜትር በላይ ይይዛል። ጠንካራው ጎማ ለስላሳ አስፋልት ላይ ያለ ችግር ቢሄድም፣ ጠጠር ላይ እያንዳንዱን ድንጋይ መዝለል ስለሚኖርበት፣ ወደ ፊት ሊገፋ የሚገባው ጉልበት ብስክሌቱንና የጋላቢውን ሰውነት ሽቅብ በማንጠር ይባክናል፤ ንዝረቱም በጡንቻና በሥጋ ውስጥ ወደ ሙቀት እየተለወጠ ይጠፋል። ለስለስ ያለው ጎማ ግን ድንጋዩን በራሱ ላይ አጎድጉዶ ያልፈዋል። ስለዚህ ሻካራ መንገድ ላይ ግፊትን መቀነስ ብዙውን ጊዜ ፍጥነትን ይጨምራል። ጎማ በጠነከረ ቁጥር ይፈጥናል የሚለው የቆየ እምነት ከባለሙያዎች አእምሮ ሳይቀር ቶሎ አልወጣም፤ ግፊት የሚቀንሰውም ሰው ቢሆን ወሰን አለው፣ እሱም ቸርኬው ድንጋይ መምታት ሲጀምር ይታወቃል።

ስፖርቱ መልክ ይዞ የታወቀው በካንሳስ ግዛት፣ በኤምፖሪያ ከተማ ዙሪያ ባሉት የፍሊንት ኮረብታዎች ሲሆን፣ ዛሬ አንባውንድ ተብሎ የሚጠራው የ200 ማይል ወይም የ320 ኪሎ ሜትር ገደማ ውድድር በ2006 ሲጀመር የተሰለፉት 34 ሰዎች ብቻ ነበሩ። የዚያ አካባቢ ድንጋይ ሲሰበር እንደ ምላጭ የሚሳል ባልጩት በመሆኑ፣ እዚያ የሚያሳስበው የጎማው ጎን መቆረጡ ነው። በኦሪገን ያለው ጭንቀት ሌላ ነው፤ እሱን ለመረዳት ከተራሮቹ መጀመር ይሻላል።

የካስኬድ ተራራ ሰንሰለት ኦሪገንን ከሰሜን እስከ ደቡብ ለሁለት ይከፍላታል። ከፓስፊክ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ አየር ተራሮቹን ለመሻገር ወደ ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ የያዘውንም ውኃ በምዕራቡ ገጽ ላይ በዝናብና በበረዶ መልክ አራግፎ ወደ ምሥራቅ የሚሻገረው ደርቆ ነው። ይህ የዝናብ ጥላ የሚባለው ክስተት ነው። በዚህም የተነሣ በምዕራቡ ተዳፋት በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚጥልባቸው ቦታዎች ሲኖሩ፣ በምሥራቁ ግርጌ 1,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው የቤንድ ከተማ 300 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላላትም። ከተራራው ወደ ምሥራቅ የሚወርድ ብስክሌተኛ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከጥቅጥቅ የደጋ ደን ፖንደሮሳ የተባለው ፓይን ወደሚበቅልበት ገላጣ ደን፣ ከዚያም ከሐበሻ ጥድ ጋር የአንድ ወገን የሆነው ጁኒፐር ወደሚበቅልበት ደረቅ መሬት፣ በመጨረሻም ዛፍ ወደሌለበት የቁጥቋጦና የሣር አገር ይደርሳል።

የዴሹትስ ወንዝ ከዚህ ተራራ ሥር ተነሥቶ ወደ ሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ ከኮሎምቢያ ወንዝ ጋር ይቀላቀላል። በረሃማ በሆነ አገር እየፈሰሰ የማይጎድልበት ምክንያት፣ የካስኬድ በረዶ ሲቀልጥ በወጣቱና ቀዳዳ በበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ፣ ረጅም ጊዜ ከመሬት በታች ቆይቶ በምንጭ መልክ ስለሚወጣ ነው፤ በዚህ የተነሣ በክረምትና በበጋ መካከል ያለው የውኃ መጠን ልዩነት በሌሎች ወንዞች ላይ ከሚታየው እጅግ ያነሰ ነው። ደራሽ ጎርፍ የማያበዛ ወንዝ ዳርቻው ይረጋል፤ ዳርቻው በረጋበት ደግሞ ከውኃው ብዙም ሳይርቁ መንገድ ማውጣት ይቻላል።

ወንዙ በታችኛው ክፍሉ የቆረጠው ዓለት በአብዛኛው ከ17 ሚሊዮን እስከ 6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ከምድር ስንጥቆች እየወጣ እንደ ጎርፍ የተነጠፈ ባዛልት፣ በተለምዶ አጠራር ጥቁር ድንጋይ፣ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎችም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተመሳሳይ መንገድ የተነባበሩ ስለሆኑ፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ በላይኛው ክፍል ያለውን እርከን እርከን ገደል ያየ አንባቢ የዴሹትስን መልክ ለመገመት አይቸገርም። የሸለቆው ጥልቀት በአንዳንድ ቦታ 600 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ለመንገድ ሥራ ባዛልት የታደለ ድንጋይ ነው፤ ሲፈጭ ማዕዘን ያላቸው ጠንካራ ቁርጥራጮች ስለሚሆን፣ ሲደመደም አንዱ ከአንዱ ጋር ተቆላልፎ ለዓመታት ይጸናል።

ይህን ሸለቆ ለብስክሌት የከፈተው ግን ሁለት ባለጸጎች እርስ በርስ ያደረጉት ፉክክር ነው። በ1909 የግሬት ኖርዘርን ባቡር ባለቤት ጄምስ ሂል እና የዩኒየን ፓሲፊክንና የሳውዘርን ፓሲፊክን ባቡሮች የተቆጣጠረው ኤድዋርድ ሃሪማን፣ በዚያ ጊዜ ሐዲድ ያልደረሰበትን የማዕከላዊ ኦሪገን የእንጨት ሀብት ለመያዝ በአንድ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ሐዲድ መዘርጋት ጀመሩ፤ ሂል በምዕራብ ዳርቻ፣ ሃሪማን በምሥራቅ ዳርቻ። ለሂል ሥራውን የመራው፣ ቀደም ሲል የፓናማ ቦይ ዋና መሐንዲስ የነበረው ጆን ስቲቨንስ ሲሆን፣ ወደ አካባቢው መጀመሪያ የገባው ስሙን ቀይሮ፣ ለዓሣ ማጥመድ የመጣ መንገደኛ መስሎ ነበር። የሁለቱ ወገን ሠራተኞች ድንጋይ ከላይ እየለቀቁ፣ የባላንጣቸውን ፈንጂ እያጋዩ፣ መንገድ እየዘጉ ተጠማመዱ፤ ክርክሩም ፍርድ ቤት ደረሰ። ሃሪማን በዚያው በ1909 መስከረም ወር ሞተ፤ በ1910 ኩባንያዎቹ ሐዲዱን በከፊል በጋራ ለመጠቀም ተስማሙ፤ ጥቅምት 5 ቀን 1911 ሂል ራሱ በቤንድ ከተማ ተገኝቶ መስመሩን መረቀ። ለአንድ ባቡር የሚበቃ ጭነት እንኳ ባልነበረበት ሸለቆ ሁለት ሐዲድ መሠራቱ በኢኮኖሚ ስሌት ከንቱ ነበር፤ በ1930ዎቹም በታችኛው ሸለቆ ያለው የምሥራቁ መስመር ተተወ። የምዕራቡ ሐዲድ ዛሬም የጭነት ባቡር ያስኬዳል። የምሥራቁ ደልዳላ፣ ማለትም ሐዲዱ ያረፈበት የተስተካከለ መሬት፣ ግን ሐዲዱ ተነቅሎ ቀረ፤ ከወንዙ አፍ ተነሥቶ ወደ ላይ ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘልቀው ክፍሉ ዛሬ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነው፤ ከዚያ በላይ የነበሩት የእንጨት ድልድዮች ስለፈረሱ መስመሩ ይቆራረጣል፤ ይበልጥ ወደ ደቡብ፣ ከማውፒን ከተማ በታች ደግሞ በዚያው ደልዳላ ላይ የተሠራ የመኪና ጠጠር መንገድ ወንዙን ተከትሎ ይወርዳል።

የሐዲድ ደልዳላ ለብስክሌተኛ ለምን እንደሚመች በቁጥር ማሳየት ይቻላል። የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ተቃውሞው እጅግ ትንሽ ቢሆንም መቆንጠጫውም ትንሽ ስለሆነ፣ ባቡር ዳገት አይወድም፤ መሐንዲሶች በዋና መስመሮች ላይ ቁልቁለቱን በተቻለ መጠን ከ1 ወይም ከ2 በመቶ እንዳያልፍ ያደርጋሉ፤ 1 በመቶ ማለትም በ100 ሜትር ርቀት 1 ሜትር መውጣት ማለት ነው። ቀደም ሲል የተጠቀሰው 85 ኪሎ ግራም ክብደት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ 5 በመቶ ዳገትን ለማሸነፍ ብቻ 174 ዋት ገደማ የሚጠይቅ ሲሆን፣ በ1 በመቶ ዳገት ላይ ግን የሚበቃው 35 ዋት ነው። ጥሩ የጠጠር መንገድ በጎማው ላይ የሚያደርሰው ተቃውሞ በግምት ከክብደቱ አንድ በመቶ መሆኑ ሲታሰብ፣ እሱም ሌላ 35 ዋት ይጨምራል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ትኩረት የሚሻ ነው፦ በሐዲድ ደልዳላ ላይ የወለሉ ሻካራነት ከዳገቱ ጋር እኩል ዋጋ ያስከፍላል፤ ስለዚህ እንዲህ ባለ ቦታ የጎማ ግፊት ከማርሽ ምርጫ ያልተናነሰ ጉዳይ ይሆናል።

በሸለቆው ውስጥ ሁለት ጠላቶች አሉ። አንዱ ነፋስ ነው፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ የምሥራቁ ደረቅ ምድር ሲግል አየሩ ስለሚነሣ፣ ከውቅያኖስ ወገን ያለው ቀዝቃዛ አየር በኮሎምቢያ ሸለቆ በኩል ተስቦ ይገባል። ሌላው በዳርቻው የሚበቅለው ኩርንችት ነው፤ ከአሮጌው ዓለም ወደ አሜሪካ የተሻገረ አረም ሲሆን፣ ፍሬው ምንም ሆኖ ቢወድቅ አንድ እሾኹ ወደ ሰማይ የሚያይ በመሆኑ ቀጭን ጎማን ሳይበሳ አያልፍም። ካላማዳሪያ አልባው ጎማ የተወደደው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። በውስጡ የሚጨመረው በላቴክስ፣ ማለትም በጎማ ወተት ላይ የተመሠረተ ፈሳሽ፣ ጎማው በተበሳ ጊዜ በአየሩ ግፊት ወደ ቀዳዳው ተገፍቶ እዚያው ይረጋና ይደፍነዋል፤ ጋላቢው መበሳቱን እንኳ ሳያውቅ ሊቀር ይችላል። ጥላ የሌለበት ጥቁር ገደል በሐምሌ ምን ያህል እንደሚያቃጥል፣ ከድንጋዩ ሥርም መርዛማ እባብ ሊኖር እንደሚችል መጥቀስ ይበቃል።

ሐዲዱ ቤንድ ሲደርስ የመጣበት ጉዳይ ደኑ ነበር። በ1916 ሼቭሊን ሂክሰንና ብሩክስ ስካንለን የተባሉ ሁለት ታላላቅ የእንጨት መሰንጠቂያዎች በዴሹትስ ዳርና ዳር ፊት ለፊት ሥራ ጀመሩ፤ ምግባቸውም ፖንደሮሳ ነበር። ይህ ዛፍ በኢትዮጵያ የደን ልማት ቦታዎች ከሚታወቀው ከፓቱላ ጋር የአንድ ወገን ሲሆን፣ እስከ 60 ሜትርና ከዚያም በላይ ይመዘዛል፤ ሲያረጅ ቅርፊቱ ወፍራምና ብርቱካናማ ይሆናል፣ ፀሐይ ሲመታውም የቫኒላ ዓይነት ሽታ ያወጣል። ቅርፊቱ የወፈረው፣ የታችኛው ቅርንጫፉም እየደረቀ የሚወድቀው ከእሳት ጋር አብሮ በመኖሩ ነው፤ በመብረቅም ሆነ በነባር ሕዝቦች እጅ የሚነሣ እሳት በየጥቂት ዓመቱ መሬት ለመሬት እየሄደ ሣሩንና ችግኙን ሲበላ፣ ትልልቆቹ ዛፎች ተራርቀው ይቀሩ ነበር። በ1910 በአይዳሆና በሞንታና ከደረሰው ታላቅ ቃጠሎ በኋላ ግን መንግሥት እሳትን ሁሉ ማጥፋት ያዘ፤ በ1935 የወጣው መመሪያም ማንኛውም እሳት በማግስቱ ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት በቁጥጥር ሥር እንዲውል ያዝዝ ነበር። በዚህ ሳቢያ ደኑ በችግኝ ተጨናነቀ፤ ትንሹ እሳት ቀርቶ ትልቁ መጣ። ዛሬ በቤንድና በሲስተርስ ከተሞች ዙሪያ ችግኙ እየሳሳ፣ ሆን ተብሎም በፀደይና በመኸር እየተቃጠለ ነው፤ ብስክሌተኛ መንገዱ ተዘግቶ ወይም አየሩ ጭስ ሆኖ ሲያገኘው ማጉረምረሙ ባይቀርም፣ ገላጣውን ደን የሚያስገኝለት ያ ጭስ ነው።

መሰንጠቂያዎቹ ግንዱን መጀመሪያ የሚያጓጉዙት በደን ውስጥ በተዘረጉ ጊዜያዊ ሐዲዶች ነበር፤ ሼቭሊን የምትባለው የሠራተኞች መንደርም ቤቶቿ በባቡር እየተጫኑ ከቆረጣ ቦታ ወደ ቆረጣ ቦታ ትዛወር ነበር። በኋላ የጭነት መኪና ሐዲዱን ተካ፤ የደኑ መንገድም ያኔ በረከተ። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ዛሬ በመላ አገሪቱ የሚያስተዳድረው መንገድ 600,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ አብዛኛው የተሠራው ለግንድ ጫኝ መኪና ነው። በ1990 በአሮጌ ደን የሚኖረው ነቁጣማ ጉጉት በሕግ ጥበቃ ሥር ከገባ በኋላ በአካባቢው የመንግሥት ደኖች ቆረጣው ሲያሽቆለቁል መኪኖቹ ሄዱ፣ መንገዶቹ ግን ቀሩ። የግንድ መኪና ረጅም መጠምዘዣና ልከኛ ዳገት ስለሚፈልግ፣ የጠጠር ብስክሌት ይህን ውርስ ያለ ብዙ ድካም ተረከበ።

የደኑ መንገድ ወለል ከሸለቆው ጋር አይገናኝም። ከ7,700 ዓመት ገደማ በፊት ማዛማ የተባለው ተራራ በታላቅ ፍንዳታ አናቱ ተደርምሶ ዛሬ ክሬተር ሐይቅ የሚባለው፣ 594 ሜትር ጥልቀት ያለውና በአሜሪካ አቻ የሌለው ሐይቅ ተፈጠረ፤ አመዱና ፓሚስ የተባለው አረፋማ ድንጋይ ደግሞ በነፋስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ተነድቶ የዴሹትስን ደን ምድር ሸፈነ። ፓሚስ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ቀላል ድንጋይ ነው። ጥሩ የጠጠር መንገድ ትልልቁን ድንጋይ፣ አሸዋውንና አጣባቂ የሆነውን ሸክላ በልክ የሚቀላቅል ሲሆን፣ ፓሚስ ግን ሸክላ የለውም፤ በሐምሌና በነሐሴ ሲደርቅ የፊት ጎማን እስከ ቸርኬው የሚውጥ ዱቄት ይሆናል። እርጥበት ሲያገኝ በቅንጣቶቹ መካከል የሚቀረው ስስ የውኃ ድር እርስ በርስ ስለሚያሳስባቸው ያው ዱቄት ይጠብቃል። አዋቂ ጋላቢዎች የሚመርጡት በረዶው የጠፋበትን የፀደይ ሳምንታትና ከመጀመሪያው የመኸር ዝናብ በኋላ ያሉትን ቀናት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በበጋ የግድ ለሚሄድ ሰው፣ ክብደቱን ወደ ኋላ አድርጎ፣ መሪውን ሳያንቅ፣ በዝቅተኛ ማርሽ ሳያቋርጥ መዞር እንጂ ፍሬን መያዝ አይበጀውም። አንዳንድ መንገዶች ደግሞ በቢሾፍቱ አካባቢ እንደሚቆፈረው ባለ ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የለበሱ ናቸው፤ እሱ ከፓሚስ ይሻላል፣ ከባዛልት ግን ያንሳል።

መኪና በሚበዛበት የጠጠር መንገድ ሁሉ የሚታየው፣ ወለሉ እንደ ቆርቆሮ የመሸብሸቡ ነገር ለብቻው መነሣት አለበት። በ2007 ታብርሌት፣ ሞሪስና ማክኤልዌይን የተባሉ የፊዚክስ ተመራማሪዎች በአሸዋ በተሞላ ክብ ጠረጴዛ ላይ ጎማ እያሽከረከሩ ባሳተሙት ጥናት፣ ሽብሽቡ የመኪና ሞላ ወይም የአየር ጎማ ባይኖርም እንደሚፈጠር አሳዩ። ጎማው ከአንድ የፍጥነት ወሰን ሲያልፍ ትንሽ ጉብታ ያነጥረዋል፤ ሲያርፍ ጠጠሩን ገፍቶ ሌላ ጉብታ ይፈጥራል፤ ከዚያ ያለው ራሱን በራሱ ይደግማል። ለመኪና ያ ወሰን በሰዓት 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ማንም አይጠብቀውም፤ ግሬደር ቢጠርገውም ይመለሳል። ብስክሌተኛ ያለው ምርጫ የመንገዱን ጠርዝ መያዝ፣ ወይም ግፊት ቀንሶ ከኮርቻው ብድግ ማለት ነው።

የዚህ ሁሉ መንገድ ካርታ ሲታይ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ከቤንድ በስተምዕራብ ያሉት የሦስቱ እኅትማማች ተራሮች ዙሪያ፣ በ1964 በወጣው የዱር መሬት ሕግ መካኒካዊ ማጓጓዣ የተከለከለበት ክልል ነው፤ ብስክሌትም በዚሁ ክልከላ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ መጋዝ ያልነካው ደን ለጠጠር ብስክሌት ዝግ ሲሆን፣ ክፍት የሆነለት የተቆረጠውና እንደገና የበቀለው ነው። የደን አገልግሎቱ ደግሞ ለጥገና ገንዘብ ያጣላቸውንና አፈራቸው በጎርፍ ተጠርጎ የዓሣ መራቢያ ጅረቶችን የሚያደፈርሱትን መንገዶች፣ የውኃ ቱቦዎቻቸውን እያወጣ፣ ወለላቸውንም በማሽን እያረሰ ወደ ደንነት እየመለሳቸው ነው፤ በየዓመቱ በሚወጣው አዲስ ካርታ ላይ አንዳንዱ ቁጥር ያለው መንገድ የሚጠፋው በዚህ የተነሣ ነው።